ማዳመጫው ውስጥ የገባው ንብ

ያንን ዕቃ ከካርቶኑ ወጥቶ የልጄ ኮምፒውተር ላይ በተሰካ ዕለት ጠላሁት። ልጄ ከሳሪስ ገዝታ ስትገባ «የጆሮ ማዳመጫ ነው አባዬ» አለችኝ። እኔ ያየሁት ግን የሰርግ መኪና ነው። ቀይ ይበራል፣ ሰማያዊ ይበራል፣ አረንጓዴ ይበራል። አፍ ፊት የሚቆም እንደ ፌንጣ እግር የታጠፈ ዘንግ አለው፤ ማይኩ እሱ ነው።

«ይሄ የልጆች መጫወቻ አይደለም ወይ?» አልኳት።

«የጌም ነው። ግን ማይኩ ጥሩ ነው ብለውኝ ነው የገዛሁት።»

«መብራቱስ?»

«መብራቱን ተወው፤ አጠፋዋለሁ።»

የሚጠፋበትን አላገኘችውም። እስከ ዛሬም ይበራል።

ልጄ ቂሊንጦ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ በፈረቃ ትሠራ ነበር፤ የተሰፋ ልብስ መተኮስ። ቀኑን ሙሉ ቁማ ነው። ቆይቶ ወገቧ እንቢ አለ። ሐኪሙ «ቆመሽ የምትሠሪውን ሥራ ካልተውሽ አልጋ ላይ ትቀሪያለሽ» አላት። ተወችና ቤት ቁጭ አለች። ቁጭ ያለ ሰው ደግሞ ይበላል፣ ይጨነቃል፣ ያኮርፋል። በስንት መከራ ቤት ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ አገኘች። የአንድ ድርጅት ደንበኞች ስልክ ሲደውሉ በኢንተርኔት እሷ ዘንድ ይመጣል፤ «ዕቃዬ አልደረሰም፣ የላካችሁት ሌላ ነው» እያሉ ይጮሁባታል፤ እሷ «ይቅርታ» ትላለች። ይሄ ነው ሥራው። እኔ በሕይወቴ ለማንም ይቅርታ ብዬ ስለማላውቅ ይሄ ሥራ ነው ብሎ ለመቀበል ጊዜ ፈጅቶብኛል። የሆነ ሆኖ ለሙከራ ወሰዷት። ሙከራው ሲያልቅ ወይ ትቀጠራለች ወይ ትሰናበታለች። ከተሰናበተች የሚጠብቃት ያው የልብስ መተኮሻው ነው። ሌላ ማን ይቀጥራታል? የኔ ጡረታ እንደሆነ ለጨውና ለበርበሬ ነው።

ገና ሥራውን ስትጀምር ደዋዮቹ መሳደብ ጀመሩ።

«እህት፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነሽ እንዴ?» ይሏታል። «ድምፅሽ አይሰማም፤ ንብ ነው የሚሰማው።» አለቃዋ ደግሞ በዕድሜ ከሷ የምታንስ ልጅ ናት። ደወለችና «ንብ የምታነቢ ከሆነ ማሩን ላኪልን» አለቻት። ልጄ ሳቀች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ሌላ ነበር።

እኔ ምንም አልሰማሁም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋችልኝ፤ ዝም ያለ ነው። «ምንም የለውም፤ አንቺ ነሽ የተጨነቅሽው» አልኳት።

«አንተ በር ሲንኳኳም አትሰማም።»

እውነቷን ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት የጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ነው፤ ማሽኖቹ ጆሮዬን በልተውታል። ቢሆንም ልጅ አባቷን እንዲህ አትልም። ስቆጣ ጊዜ የራሷን ድምፅ ቀዳችና ስልኳን እስከ መጨረሻው አስጩኻ ጆሮዬ ሥር ያዘችው። ያን ጊዜ ሰማሁት። እዝዝዝዝ ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ ሽሽሽ የሚል አለ፤ ትኩስ ምጣድ ላይ ውሃ እንደፈሰሰ። የልጄ ድምፅ ከዚያ ሁሉ ወዲያ ሆኖ «እንደምን አደሩ፣ ምን ልርዳዎት?» ይላል።

ከዚያ ጀምሮ ቤቱ ሰላም አጣ። ዩኤስቢውን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ ትሰካለች፤ ያው ነው። ስልኳን ከአጠገቧ ታርቃለች፤ ያው ነው። ኮምፒውተሩን ታጠፋለች፣ ታበራለች፣ የሆነ ነገር ትደልዛለች፣ መልሳ ትጭናለች። ማከፋፈያውን ትታ ግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ ሰካችው። ፍሪጁን ነቀለችው፤ ወተቱ ተበላሸ እንጂ ንቡ አልወጣም። እኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው። ዕቃ ሲያስቸግር እፍ ትለዋለህ፣ ከዚያ መታ መታ። ሁለቴ መታ እንዳደረግኩት ነጠቀችኝ።

«አባዬ፣ ይሄ በግ አይደለም!»

«በግማ ቢሆን እናርደው ነበር።»

ካፌ ሄዳም ሞከረች። የካፌው ጫጫታ ከንቡ ባሰ።

«የሸጠልሽ ሰውዬ አታሎሻል፤ ተነሽ እንሂድ» አልኳት። ኮምፒውተሯን ከነቻርጀሩ፣ ማዳመጫውን ከነመብራቱ ይዘን ሳሪስ ወረድን። እኔ መንገዱን በሙሉ የምለውን እያሰላሁ ነበር።

ባለሱቁ ከስልጤ የመጣ ወጣት ነው። ገና ሲያየኝ ገባው።

«አባባ፣ ይቀመጡ።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም።»

«እሺ፣ ቆመው ይቆጡኝ።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እኔ የተበላሸ ዕቃ ሸጦ በድሃ ልጅ ወገብ ላይ ስለሚጫወት ነጋዴ አንድ ሁለት አልኩ። እሱ ግን የልጄን ኮምፒውተር ተቀብሎ በራሷ ቻርጀር ሱቁ ሶኬት ላይ ሰካው፣ ማዳመጫውን አያያዘ፣ ከዚያ ጨዋታ ከፈተና ሳላስበው ራሴ ላይ ደፋልኝ። አንድ ወታደር ጆሮዬ ሥር ተኩስ ከፈተ። እኔ እንኳ ሰማሁት። አውልቄ ልወረውረው ስል ልጄ ያዘችው።

ከዚያ እሷ ራሷ አደረገችው። ተናገረች፣ ቀዳች፣ አዳመጠች። ደግማ ቀዳች። ፊቷን አየሁት፤ ገርሟታል። ንቡ የለም። ያው ማዳመጫ፣ ያው ኮምፒውተር፣ ያው ቻርጀር፤ ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሏል።

«ዕቃው ጤነኛ ነው አባባ» አለ ባለሱቁ። «የታመመው ቤትዎ ነው።»

«ቤቴን አትንካ።»

«ኧረ አልነካሁም! አላህ ያሽረው ነው ያልኩት።»

በታክሲ ተመለስን። ሰውዬው ልክ መሆኑ አንጀቴን አሳርሮታል።

ቤት ስንገባ ልጄ ነጠላዋን እንኳ ሳትጥል ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ቻርጀሩን ነቀለችው። ንቡ ጠፋ። ሰካችው። ንቡ መጣ። ባትሪው የሞተ ስለሆነ ቻርጀር ሲነቀል ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል፤ አሮጌ ኮምፒውተር ስለሆነ ለሱ የሚሆን ሌላ ባትሪ ፈልጋ አጥታለች። ስለዚህ ሳይሰካ አይሠራም፣ ሲሰካ ይጮሃል። ከዚያ እጇን የኮምፒውተሩ ብረት ላይ ስታሳርፍ ጩኸቱ ዝቅ አለ፤ ስታነሣ ከፍ አለ። እጇን አራገበች።

«ይነዝረኛል።»

«እሱማ ይነዝራል» አልኳት። «ጫማሽን አድርጊ። ፍሪጁም ይነዝር የለ? ለምደነው የለ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ፍሪጁ መንዘር የጀመረው መቼ ነው?»

«ከአጥሩ ወዲህ ነው።»

አፌ አምልጦ ነው እንጂ እኔ አጥሩን ማንሳት አልወድም። ግን ያለ አጥሩ ይሄ ነገር ለሰው አይገባም፤ ስለዚህ ልናገረው።

የኔ ቤትና የጎረቤቴ ቤት አንድ ግድግዳ የሚጋሩ መንታ ቤቶች ናቸው። በማኅበር ሆነን ነው የሠራናቸው። እሱም እንደኔ ሽመና ክፍል ነበር፤ አንድ ፈረቃ ገብተን አንድ ፈረቃ የወጣን ሰዎች ነን። ሚስቱ ልጄን ክርስትና አንስታለች። ይሄ ሁሉ ሆኖ ሰውዬው የጣሪያውን አሸንዳ ወደኔ ግድግዳ አዞረው። ክረምት በመጣ ቁጥር የሱ ጣሪያ ውሃ የኔን ጭቃ ያጥባል። ነገርኩት። «ውሃ መንገዱን ያውቃል» አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ ሰው ይመልሳል? አሸንዳውን በመጥረቢያ አወረድኩለት። እሱ የውሃ ቧንቧዬን ዘጋ። ከዚያ ያለውን ልተወው። በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ ደከማቸው። ዛሬ ስለ አሸንዳ፣ ነገ ስለ ልብስ ማስጫ ገመድ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ዶሮ መዳኘት ሰለቻቸው። ስለዚህ «አጥር ይቁም፤ የማንም ዕቃ ወደ ማንም አይሻገር» ብለው ፈረዱ። እንደ ርስት ክፍፍል ነው ያደረጉት። ቆርቆሮው ቆመ፣ ቧንቧው ተለየ፣ ገመዱ ተፈታ። ሁለታችንም በካህን መስቀል ፊት ማልን፤ የኔ የሆነ ነገር ወደሱ እንዳይሻገር፣ የሱም ወደኔ። ልክ ስንጨርስ አንዱ ሽማግሌ ከቆርቆሮው ሥር የሚያልፍ ቀጭን ሽቦ አየ። ከሱ የውሃ ቦኖ አጠገብ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ይነሣና ወደኔ ቤት ይገባል።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አለ።

«ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ ያለ ነው» አለ ጎረቤቴ።

«ምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅም» አልኩ።

ሽማግሌው በባዶ እጁ ጨበጠው። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። ምንም አልሆነም።

«አይነዝርም። የሞተ ሽቦ ነው።»

«የሞተ ከሆነማ ይቆረጥ» ተባለ። ፒንሳ መጣና ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን አራገፉ፤ «እንግዲህ በመካከላችሁ የቀረ ነገር የለም» ብለው መርቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እኔና እሱ ቃል አልተለዋወጥንም። ልቅሶ ቤት እንኳ እሱ በቀኝ ከተቀመጠ እኔ በግራ ነኝ። ፍሪጁም መንዘር ጀመረ። እኛ አሮጌ ስለሆነ ነው ብለን ነጠላ ጫማ አድርገን መክፈት ለመድን።

ይሄን ስነግራት ልጄ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«አባዬ፣ ግራውንዱን ነው የቆረጣችሁት!»

«ምን ማለት ነው?»

«የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ መሬት የሚገባበት ነው። አሁን መውጫ ስላጣ ኮምፒውተሬ ላይ ይንከራተታል፤ ከዚያ ማዳመጫዬ ውስጥ ይገባል።»

አላመንኳትም። ከአቃቂ በሰቃ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስመጣሁ፤ «የለም፣ ልጅቷ ተሳስታለች» እንዲልልኝ ነበር የፈለግሁት። ሰውዬው ሶኬቶቹን በመለኪያው እየነካ ዞረ፤ ከዚያ ቆጣሪው ሥር ተንበርክኮ የተቆረጠውን ሽቦ ጫፍ አገኘ። «ልጅዎ ነግራኛለች፤ ልክ ናት» አለ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮለቀ።

«ያውና ዘንጉ! አንድ ክንድ አይርቅም። ልቀጥለው?»

«እንዳትነካው!»

ደነገጠ። «ሽቦ ነው እኮ አባባ። ድንበር አልነካሁብዎትም።»

«ድንበር ነው። ምያለሁ።»

ሰውዬው አንዴ ልጄን አንዴ እኔን አየና መለኪያውን ወደ ቦርሳው መለሰ። «እንግዲያው በራስዎ ግቢ ይቅበሩ። ጠለቅ ያለ ይሁን፣ እርጥበት ያለበት ቦታ ይሁን፣ ጨውና ከሰል ይጨምሩበት» ብሎ ሄደ።

እርጥበት ያለው እሱ ዘንድ ነው። የሱ ግቢ ውሃ የሚይዝ ዋልካ አፈር ነው፣ ቦኖው ሲያንጠባጥብ ይውላል። የኔ ግቢ ሥሩ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቢሆንም ቆፈርኩ። ጠዋት ጀመርኩ፤ ዶማው ድንጋዩን ሲመታ እሳት ይተፋል። እኔም እየተሳደብኩ፣ ድንጋዩም አልበገር እያለ ዋልን። ከጉልበት በታች ነው የወረደልኝ። ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ተከልኩበት፣ ጨዉን ከሰሉን ሞላሁ፣ ውሃ አጠጣሁት፤ ሰው ያየኝ እንደሆነ አትክልት የምተክል ነበር የምመስለው። ልጄ ሽቦውን አያያዘችውና ሞከረች።

«ቀነሰ» አለች።

«ጠፋ ወይስ ቀነሰ?»

«ቀነሰ።»

ውሃው ሲደርቅ ያም ቀረ። ደግሜ አጠጣሁ፤ ደግሞ ደረቀ። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቴ ሲያስል እኔን እንኳ ይሰማኛል። ያ ሳል የጉንፋን ሳል አይደለም። ስቆፍር እያየኝ እየሳቀ ነው። ተኮራርፈን ባይሆን ኖሮ እንደሚናገረኝ አውቃለሁ።

ወዲያው አለቃዋ ደወለች። ልጄ ድምፁን ለቃ አሰማችኝ። ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ከመቆጣቷ የባሰ ነው። «እህቴ፣ ሥራሽን ወድጄዋለሁ። ትዕግሥትሽንም። ግን ደንበኞች ስልኩን እየዘጉብን ነው። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ስምሽን ለቅጥር ማስገባት አልችልም።»

ልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ እሺ በለኝና ሽቦውን እናስቀጥል። እኔ ልጠይቃቸው።»

«ምያለሁ አልኩሽ።»

«ሽማግሌዎቹ ይፍቱህ።»

«ያስማሉን ካህን አርፈዋል። እኔ ደግሞ በእርጅናዬ መሐላ ፍቱልኝ ብዬ ደጅ አልጠናም። ያ ሰውዬ ይስቅብኝ?»

«አንተ ነህ የማልከው። እኔ ያኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ።»

«ለቤቱ ነው የማልኩት!»

«ቂሊንጦ ሄዶ የሚቆመው ቤቱ አይደለም፤ እኔ ነኝ!»

እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። እኔም ጮህኩ። መጫወቻውን እንድትጥለው፣ በመብራት ያጌጠ ሥራ ሥራ እንዳልሆነ፣ እኔ ማሽን ሥር ደንቁሬ እንዳሳደግኳት፣ የመጣልኝን ሁሉ አልኩ። እሷ የማዳመጫውን ገመድ ጠቀለለች፣ ኮምፒውተሩን ዘጋች፣ ቻርጀሩን ነቀለች፣ ሁሉንም ብብቷ ሥር አደረገች።

«ወዴት ነው?»

«ክርስትና እናቴ ጋ።»

«የማንን ዕቃ ይዘሽ?»

«የራሴን» አለች። «ቆሜ ተኩሼ የገዛሁትን።»

በሩን አልዘጋችውም። በአስፋልቱ በኩል ዞራ ወደዚያኛው በር ስትሄድ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስትራመድ አየኋት። አፌ ላይ የመጣውን ቃል መለስኩት። መሐላው የኔን ዕቃ ነው የሚለው። ኮምፒውተሩ የሷ ነው። ክርስትና እናት ደግሞ በሽማግሌ አትቆረጥም፤ ያን ጊዜም አልተቆረጠችም። በየዓመት በዓሉ ልጄ ወደዚያ ቤት እንደምትገባ አውቅ ነበር፤ አላየሁም ብዬ ነው የኖርኩት። ስለዚህ የምከለክልበት አልነበረኝም። የምከለክልበት ቢኖረኝ እከለክል ነበር፤ ይሄን አልደብቅም።

ማታ ስትመለስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።

«ንቡስ?»

«የለም። የነሱ ሶኬት ዘንጉ አለው።»

«እሱ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። ሶኬቱን አሳየኝና ወጣ።»

ያ ነው ያበሳጨኝ። ቢሰድበኝ፣ «አባትሽ የት አለ፣ ድንጋይ ይቆፍራል?» ቢል መልስ ነበረኝ። ዝም ብሎ ሶኬት ያሳያል። በኔ ላይ ደግ ሆነ። ከዚያ ሰውዬ ደግነት ይልቅ አሸንዳው ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ መጣ፣ ዓርብ ሄደ፤ ልጄ ተቀጠረች። አለቃዋ «ቤት ቀየርሽ እንዴ?» አለቻት አሉ። ልጄ ይሄን ስትነግረኝ ደስ ብሏታል፤ እኔም ደስ አለኝ፤ ግን ያ ቤት የሱ ቤት ስለሆነ ደስታዬን ግማሹን ዋጥኩት። «ጥሩ» አልኳት።  ክርስትና እናቷ በሳህን የላከችውንም ምግብ አልነካሁም። ሳህኑ ይሻገር አይሻገር ብዬ ሳይሆን ስላልራበኝ ነው።

ጠዋት ጠዋት ትሄዳለች፣ ሲመሽ ትመጣለች። ሰነባብቶ ግን አረማመዷ ተበላሸ። እዚያ ቤት ያለው ሶፋና በርጩማ ብቻ ነው፤ ሶፋው ያሰምጣል፣ በርጩማው መደገፊያ የለውም። አንድ ጠዋት ልትወጣ ስትል ቆመች።

«አባዬ፣ የመደገፊያውን ወንበር ልውሰደው?»

ወንበሩ የኔ ነው። የዋንዛ ነው፤ ቀጥ ያለ መደገፊያ አለው። ስበላም ስጸልይም እሱ ላይ ነኝ።

«የኔ ዕቃ አይሻገርም።»

«እሺ» አለች።  ኮምፒውተሯን አቅፋ ወጣች። አንድ ትከሻዋ ከሌላው ዝቅ ብሎ፣ እንደ አሮጊት፣ አጥሩን ይዛ ስትሄድ ዓይኔ አየ።

«ነይ እዚህ!» አልኩ።

ዞረች።

«ወንበሩን ሰጥቼሻለሁ።»

«እዚያ ልወስደው?»

«ያንቺ ነው አልኩ። ያንቺን ዕቃ የት እንደምታደርጊው እኔን ምን አገባኝ?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ቀልድ አይደለም፣ ሕግ ነው። በዚያ ወገቧ ግን ልትሸከመው አትችልም። ተሸክሜላት እስከ ሰውዬው በር ሄድኩና ከደፉ ውጪ መንገዱ ላይ አስቀመጥኩት። እሱ ወጣ። አርጅቷል፤ ከሩቅ ሳየው እንዲህ ያረጀ አይመስለኝም ነበር። ወንበሩን አነሣና ገባ። እኔን አላየኝም፤ እኔም ወደ መንገዱ ነበር የማየው።

ቀናት አለፉ። አንድ ቀን ግቢዬ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ከቆርቆሮው ወዲያ ድምፅ መጣ።

«አንተ ሰውዬ!»

ከመሐላው ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እኔን መሆኑን እያወቅሁ ወደ ቤት ዞርኩ።

«አንተን ነው! ወንበርህ ይንቋቋል። ደዋዮቹ ይሰማቸዋል።»

«ወንበሩ የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የልጄ ነው። የምትለው ካለህ ለሷ በላት።»

«ብያታለሁ። አባቴ ያጠብቀዋል ነው ያለችው።»

«እሷ ካለች ምን አስጮኸህ?»

«ቶሎ እንድታጠብቀው ነዋ! ስልኩ ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ! ልጅቷን ልታስባርራት ነው?»

ልወረውርበት ድንጋይ ፈልጌ ነበር። ጎንበስ ብዬ አላገኘሁም። ማታ ልጄ በሌላ ሰው አሸክማ ወንበሩን አመጣችው። ገለበጥኩት፤ የኋላ እግሩ መጋጠሚያ ላልቷል። ሽብልቅ ጠረብኩና መታሁበት፣ ሌላም ጨመርኩ፣ ተቀምጬበት አወዛወዝኩት፤ እኔ አልሰማሁም፣ ልጄን አስቀመጥኳት። «አይንቋቋም» አለች።

ጠዋት ወስጄ በሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሰውዬው ወጣ። ወንበሩን ወዲያው አላነሣውም። በሁለት እጁ መደገፊያውን ይዞ፣ እዚያው ፊቴ ቆሞ፣ ገበያ ላይ በሬ እንደሚፈትሽ ሰው አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ገፋው። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። እንደገና ገፋው። እኔ ቆሜ አየሁት። ጠላሁት። ወንበሩ ዝም አለ። ልጄ ከውስጥ «እንደምን አደሩ፣ ምን ልርዳዎት?» ማለት ስትጀምር ዕቃ እንደተረከበ የዕቃ ቤት ሠራተኛ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፣ ወንበሩን አነሣ፣ ገባ፣ በሩን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ ዘጋብኝ።